ቲሸርት በሲልክ ስክሪን ማተሚያ እንዴት ይታተማል?

ስክሪኑ (ፍሬም ላይ የተወጠረው መረብ) ላይ ኢሙልሽን፣ ማለትም ብርሃን ሲያርፍበት የሚጠነክር ፈሳሽ፣ ተቀብቶ፣ ዲዛይኑ በብርሃን ተመትቶና በውሃ ታጥቦ ወጥቷል እንበል። የቀረው ማተሙ ነው። ለቲሸርት በኢንች 110 ክር ያለው መረብ ለጀማሪ ይበቃል።

መጀመሪያ ስክሪኑን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ክፍት ቦታ ካለች ቀለም ታሾልካለች፣ ስለዚህ በቴፕ ድፈኗት። የፍሬሙን ጠርዝም ዙሪያውን በቴፕ ሸፍኑ። ይሄን የዘለለ ሰው ማታ ፍሬም ሲፈገፍግ ያመሻል።

ስክሪኑን ማተሚያው ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ሲወርድ ግን መረቡ ጨርቁን እንዳይነካ፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ከፍ ይበል። ብዙ ሰው ቀለሙን ወይም ማሽኑን ይወቅሳል እንጂ ይቺን ክፍተት አያያትም። ስኩዊጂው፣ ማለትም ቀለሙን የምንስብበት ባለ እጀታ ጎማ፣ ሲያልፍ መረቡ ጨርቁን ነክቶ ወዲያው መላቀቅ አለበት፣ ክፍተት ከሌለ ግን እላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና የፊደሎቹ ጠርዝ ይደፈርሳል።

ሰሌዳው ላይ ማጣበቂያ በስሱ ቀብታችሁ ቲሸርቱን አልብሱት። አትወጥሩት! ተወጥሮ የታተመ ጨርቅ ሲወልቅ ስዕሉም አብሮ ይጨማደዳል።

አሁን ስክሪኑን ሳታወርዱ ቀለሙን በስኩዊጂው መረቡ ላይ ባለው ዲዛይን በስሱ አዳርሱት። ከዚያ አውርዱና ስኩዊጂውን ወደ 75 ዲግሪ አዘንብላችሁ በሁለት እጅ፣ እኩል ጉልበት፣ ሳትቆሙ ሳቡት። ጉልበት ማብዛት አይጠቅምም፤ ቀለሙን ጨርቁ ውስጥ ያሰምጠዋል፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ላዩ ላይ እንዲቀመጥ ነው። የመጀመሪያውን ህትመት አሮጌ ጨርቅ ላይ ሞክሩ።

ጥቁር ቲሸርት ላይ ነጭ ቀለም አንዴ ብቻ ከታተመ ግራጫ መስሎ ይቀራል። አትሙ፣ ቀለሙ ጣት ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ በማድረቂያ አሙቁት፣ ቲሸርቱን ሳታነቃንቁ ድገሙት።

ዋናው ማድረቅ የመጨረሻው ነው። ፕላስቲሶል የሚባለው የፕላስቲክ ቀለም በአየር አይደርቅም፣ አብዛኛው ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል፤ የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር ቆርቆሮው ላይ አንብቡ። ሲቀዘቅዝ ህትመቱን ለጠጥ አድርጉት። ከተሰነጣጠቀ አልበሰለም፣ ወደ ሙቀቱ መልሱት።

በውሃ የሚሠራ ቀለም ከሆነ ደግሞ ሻይ ለመጠጣት እንኳ ስክሪኑን ጥላችሁ አትሂዱ፤ መረቡ ውስጥ ከደረቀ ያ ስክሪን አለቀለት።