ኔጌቲቩን መልስ ቶሎ አትሰርዙት

ትናንት እዚህ ደብረ ብርሃን ታናሽ ወንድሜን ሒሳብ ሳስጠናው ነው ይሄ ትዝ ያለኝ። ጣርማ በር አካባቢ 40 ሜትር ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ድንጋይ ሽቅብ ወረወራችሁ እንበል (የምር እንዳትሞክሩት፣ ታች እረኛ አለ)።

ከፍታ = 40 + 10ሰ − 5ሰ² (ከፍታው በሜትር ከገደሉ ሥር፣ ሰ ደግሞ ከተወረወረ ጀምሮ ያለው ሰከንድ)

«መቼ መሬት ይነካል?» ካለ ከፍታውን ዜሮ አድርጉት። ለ−5 ሲካፈል ሰ² − 2ሰ − 8 = 0፤ መልሱ 4 ወይም −2። ልጁ −2ን ሰረዘና ከፍተኛውን ከፍታ ሲጠየቅ ቀመር ፍለጋ ደብተር ማገላበጥ ጀመረ። ምን አለፋው! የከፍታው ኩርባ ከጫፉ ግራና ቀኝ እኩል ስለሆነ ጫፉ የሁለቱ መልሶች መሃል ላይ ነው፤ 4ን እና −2ን ደምሮ ለ2 ቢያካፍል 1 ያገኛል፣ ድንጋዩ ጫፍ የሚደርሰው በ1 ሰከንድ ነው፣ ሲተካ 45 ሜትር። ግን 45ቱ ከገደሉ ሥር ነው የሚቆጠረው፤ ከአፋፉ በላይ የወጣው 5 ሜትር ብቻ ነው፣ ፈተና ላይ የሚሸውደውም ይሄ ነው።