የሰፈር መጫወቻ ማዋሻ፦ አከፋፈቱና አያያዙ

የመጫወቻ ማዋሻ አሠራሩ እንደ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ቤተሰቦች በመጽሐፍ ፈንታ መጫወቻ ተውሰው ይሄዳሉ፣ ልጁ ሲሰለቸው መልሰው ሌላ ይወስዳሉ። ሐሳቡ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት፣ በሎስ አንጀለስ ለልጆች መጫወቻ ማዋስ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ስዊድን ውስጥ አካል ጉዳተኛ ልጆች ያሏቸውን ወላጆች ለማገዝ ሌኮቴክ የተባለው ማዋሻ ተከፈተ። ምክንያቱ ዛሬም ያው ነው። ሕፃን በየጥቂት ወሩ ይለወጣል፤ ባለፈው ያስደሰተው ነገር አሁን አይበቃውም፤ ዕድገቱን እየተከተሉ አዲስ መግዛት ደግሞ የብዙ ቤተሰብ አቅም አይፈቅደውም።

መክፈቱ ቀላል ነው። የሚከብደው በሁለተኛው ዓመትም ያልጎደለ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ማቆየት ነው፤ ይህንን ደግሞ የሚወስነው የተመለሰ መጫወቻ የሚቆጠርበት ጠረጴዛ ነው። ከታች የተዘረዘረው ዝግጅት ሁሉ ያ ጠረጴዛ በቅጡ እንዲሠራ የታሰበ ነው።

ቦታና ሰዓት

ቤተሰቦች ቀድሞውንም የሚመላለሱበትን ቦታ ምረጡ፦ ቤተ መጻሕፍት፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት ወይም የሰፈር አዳራሽ። ደረጃ የሌለው መግቢያ፣ የልጅ ጋሪና ዊልቸር የሚያሳልፍ በር፣ ቅርብ መጸዳጃ ቤትና የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ካለ 20 ካሬ ሜትር ክፍል ለመነሻ ይበቃል። መደርደሪያ ሁሉ ከግድግዳ ጋር በብሎን ይታሰር፤ ልጆች ይንጠላጠሉበታል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ክፈቱ፤ አንዱ በዕረፍት ቀን፣ ሌላው ከሥራ መውጫ በኋላ ይሁን። ቀኑና ሰዓቱ አይቀያየር። ልጅ ይዞ መጥቶ የተዘጋ በር ያገኘ ወላጅ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጣችሁ ይችላል።

ስንት መጫወቻ ያስፈልጋል?

ስሌቱ ቀላል ነው። 30 ቤተሰብ እያንዳንዱ ሁለት ቢዋስ 60 መጫወቻ ውጭ ነው። የሚመጣው ሰው የሚመርጠው እንዲኖር በመደርደሪያው ላይ ቢያንስ ሌላ 40 መቅረት አለበት፤ ስለዚህ 100 ያህል ይዛችሁ ጀምሩ። ከዚህ ያነሰ ካላችሁ የቤተሰቡን ቁጥር ቀንሱ እንጂ በጎደለ መደርደሪያ አትክፈቱ።

ስጦታ ስትጠይቁ "ማንኛውም መጫወቻ" ብላችሁ አታውጁ። እንዲያ ካላችሁ ክፍሉ ዓይኑ በወለቀ ድብና በግማሽ ጨዋታ ይሞላል፤ የመለየቱና የመጣሉ ሥራም የእናንተ ይሆናል። የምትፈልጉትን ዘርዝሩ፦ የሚደራረቡ የእንጨት ጡቦች፣ እስከ 24 ቁራጭ ያላቸው ፐዝሎች፣ ቅርጽ በቀዳዳው የሚከተትባቸው ሣጥኖች፣ የሚገፉና የሚጎተቱ ጋሪዎች፣ የወጥ ቤትና የሐኪም መጫወቻዎች፣ ከበሮና ደወል፣ ለትልልቆቹ የገበታ ጨዋታዎች።

ያገለገለ የብስክሌት ቆብና የመኪና የልጅ ወንበር ፈጽሞ አትቀበሉ፤ በአደጋ የደረሰባቸው ስንጥቅ ከውጭ አይታይም። ውኃ የሚተፉ ባለቀዳዳ የመታጠቢያ መጫወቻዎችም ይቅሩ፤ ውስጣቸው ስለማይደርቅ ይሻግታል። ጥንታዊ ቀለም የተቀቡ መጫወቻዎችም እንዲሁ፤ የድሮ ቀለም ሊድ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ይችላል። አሜሪካ ሊድ ያለበትን ቀለም ከመጫወቻ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ስለዚህ ዕድሜው የማይታወቅና ቀለሙ የሚላጥ አሮጌ ዕቃ ለልጅ አፍ አይሆንም።

የደኅንነት ምርመራ

እያንዳንዱ መጫወቻ፣ አዲስ ቢሆንም እንኳ፣ ወደ መደርደሪያ ከመውጣቱ በፊት በዚህ ያልፋል።

የመታነቅ ፍተሻ፦ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚውለው ሁሉ በመለኪያ ቱቦ ይፈተሽ። ኦፊሴላዊው ቱቦ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ከሌላችሁ ካለቀ የሽንት ቤት ወረቀት የሚተርፈውን ካርቶን ተጠቀሙ፤ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ይበልጥ ጥብቅ ነው። ሳይጫን ሙሉ በሙሉ የሚገባ ቁራጭ ሁሉ ለሕፃን አይሰጥም። ኳስ ሲሆን መስፈርቱ ይጠብቃል፤ ክብ ነገር የአየር ቧንቧን እንደ ውታፍ ይደፍናልና ከ44.5 ሚሊሜትር የጠበበ ኳስ ለዚህ ዕድሜ አይውጣ።

የመሳብ ፍተሻ፦ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ጎማና አዝራር በጣታችሁ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ሳቡ፣ ጠምዝዙ። የሚነቃነቅ ካለ ይጠገናል ወይም ይወገዳል። ከ22 ሴንቲሜትር የረዘመ ገመድ በሕፃን አንገት ሊጠመጠም ስለሚችል ይቆረጥ። የተሰነጠረ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ።

ባትሪና ማግኔት፦ ከሁሉ በላይ የምንጠነቀቀው ለዚህ ነው። ክብ የሰዓት ባትሪ ከተዋጠና ጉሮሮ ላይ ከቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋን ማቃጠል ይችላል። የባትሪው ክዳን በካቻቢቴ ብቻ የሚፈታ ካልሆነ መጫወቻው ከማዋሻው ይውጣ። ትንንሽ ኃይለኛ ማግኔቶችም አይገቡም፤ ሁለት ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳ አሻግረው ይሳሳቡና አንጀቱን ይበሱታል። ይህንን በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ጠረጴዛው አጠገብ ለጥፉ፤ ልጅ ባትሪ ወይም ማግኔት ውጧል ተብሎ ከተጠረጠረ ምልክት ሳይጠበቅ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው፣ ማስመለስ አይገባም።

እጥበት

መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና፣ ለጠባብና ለተሰረጎዱ ቦታዎች አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዛችሁ እጠቡ። ይህን እርከን መዝለል የተለመደ ስህተት ነው፤ ቆሻሻ የበረኪናን ኃይል ስለሚጨርሰው ባልታጠበ ዕቃ ላይ ማፍሰሱ ከንቱ ነው። ቀጥሎ 5 በመቶ ከሆነ በረኪና 20 ሚሊሊትር በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡና ፕላስቲኩን አርጥቡት፤ ቢያንስ ለ2 ደቂቃ ርጥብ ሆኖ ይቆይ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ በደንብ ለቅልቁ፣ በአየር አድርቁ። ውሕዱ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ክፍሉን አናፍሱ፣ ጓንት አድርጉ።

እንጨት አይዘፈዘፍም፤ ያብጥና ይሰነጠቃል፤ በሳሙና በረጠበ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወዲያው አድርቁ። የጨርቅ አሻንጉሊት በ60 ዲግሪ መታጠብ ካልቻለ ለውሰት አይውጣ። እርጥብ ዕቃ በከረጢት ከታሰረ በሳምንቱ ይሸታል፤ ብዙ መጫወቻ የሚበላሸው በዚህ ጥድፊያ ነው።

ቁጥር፣ ፎቶ፣ ከረጢት

ለእያንዳንዱ መጫወቻ ቁጥር ስጡና በማይጠፋ ማርከር ጻፉበት። ፐዝል ከሆነ ቁጥሩ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ይጻፍ፤ ከሌላ ከረጢት ውስጥ የተገኘ ቁራጭ ያለዚህ ቤቱን አያገኝም። ክፍሎቹን ሁሉ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ፎቶውን አትሙና በግልጽ ፕላስተር ሸፍናችሁ ከረጢቱ ላይ እሰሩ። ከስሩ የክፍሎቹ ብዛት ይጻፍ። ማንበብ የማይችል ወላጅም ሆነ ልጅ በፎቶው መቁጠር ይችላል። ከረጢቱ የመረብ ይሁን፤ ውስጡ ይታያል፣ አየርም ያስገባል።

ከ50 በላይ ቁራጭ ያለውን በአንድ ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን መዝኑት። ሙሉው 1,240 ግራም የነበረ፣ አንዱ ጡብ 15 ግራም የሚመዝን ስብስብ 1,225 ሆኖ ከመጣ አንድ ጎድሏል። መቁጠሩ የሚፈጀውን ጊዜ ሚዛኑ በሰኮንዶች ይጨርሰዋል።

ምዝገባ

ስም፣ ስልክ፣ የልጆቹ ዕድሜ፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁ። የገቢ ማስረጃ፣ የነዋሪነት ወረቀትና መያዣ ገንዘብ በጠየቃችሁ ቁጥር የሚቀሩት ማዋሻው በተለይ የሚያስፈልጋቸው ቤተሰቦች ናቸው። መዝገቡ ኤክሴል ወይም ተራ ደብተር ሊሆን ይችላል፤ ግን የቤተሰቦች መረጃ ያለበት ነውና ተቆልፎ ይቀመጥ። ውሰቱ ሁለት መጫወቻ ለሁለት ሳምንት ይሁን፤ ሌላ የጠየቀው ከሌለ ይታደስ።

የመልስ ጠረጴዛ

ጠረጴዛው ላይ ጠርዝ ያለው ነጭ ትሪ አድርጉ። ከረጢቱ ትሪው ላይ ይገለበጥና ወላጁ እያለ ይቆጠር። ልጁ አብሮ ይቁጠር፤ ብዙዎቹ ይህንን እንደ ጨዋታው ክፍል ያዩታል፣ ቁጥርም ይማሩበታል። "እዚያ አስቀምጡት፣ በኋላ እንቆጥራለን" ማለት ከተጀመረ ማዋሻው መፍረስ ጀመረ ማለት ነው፤ የጎደለውን ማን ጋ እንደቀረ ማወቅ አይቻልም፣ የጎደለው ዕቃ ለሚቀጥለው ቤተሰብ ይሄዳል፣ እነርሱም ያላጠፉትን ይጠየቃሉ።

ሲጎድል የምትናገሩበት ድምፅ ከምትጽፉት ደንብ ይበልጣል። "አንድ ሰማያዊ ጎማ ቀርቷል፤ ከሶፋው ሥር ወይም ከቦርሳ ውስጥ ካገኛችሁት ይዛችሁት ኑ" በሉ፣ መዝገቡ ላይ ጻፉት፣ የሚቀጥለውን ውሰት ግን አትከልክሉ። መጫወቻው ያለዚያ ቁራጭ የሚሠራ ከሆነ ብዛቱን አስተካክላችሁ መልሳችሁ አውጡት። የማን እንደሆኑ ያልታወቁ ቁራጮች የሚጠራቀሙበት አንድ ሣጥን ይኑር።

ቅጣት አታስገቡ። በዚህ ላይ የማያወላዳ አቋም አለን። ዕዳ ያለበት ወላጅ አፍሮ ይቀራል፣ መጫወቻውም አብሮት ይቀራል፤ ልጁ ደግሞ ባላጠፋው ይቀጣል። ከመመለሻው ቀን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ መልእክት ላኩ፤ ካለፈ በሳምንቱ ሌላ፣ ከዚያ ስልክ። ቃላቱ "ሌላ ልጅ እየጠበቀው ነው" የሚል ይሁን። በ3 ወር ካልተመለሰ ከመዝገብ ሰርዙት። ቤተሰቡ ሲመጣ በደስታ ተቀበሉ፣ ለጊዜው አንድ አንድ ብቻ አውሱ።

ሰው

በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት በጎ ፈቃደኞች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ ለምዝገባና ለውሰት፣ አንዱ ለመልስ ጠረጴዛ፣ አንዱ ልጆች ለሚጫወቱበት ምንጣፍ። ማንም በጎ ፈቃደኛ ከልጅ ጋር ብቻውን አይሁን፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ በሚታይ ቦታ ይኑር። ልጁን የሚጠብቀው ያመጣው ወላጅ መሆኑ በምዝገባው ላይ ይጻፍና በቃልም ይነገር፤ ካልተነገረ ሰው ልጁን ትቶ ጉዳዩን ሊፈጽም ይሄዳል። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ በተለይም የሚታነቅ ሕፃንን ማዳን የሠለጠነ ይሁን። ትኩስ መጠጥ ወደ ክፍሉ አይግባ።

ምንጣፉ ላይ ሁልጊዜ አምስት ስድስት መጫወቻ ተዘርግቶ ይቆይ። ወላጅ መጫወቻው እንዴት እንደሚሠራ ያየው ጊዜ ነው ደፍሮ የሚዋሰው። የምንጣፉ በጎ ፈቃደኛ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ልጁ የሚያደርገውን ይከተል፣ የሚያየውን በቃል ይናገር፤ ወላጁ አይቶ ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል፣ ከ1 ዓመት በታች ላሉት ስክሪን አይመክርም። ለዚህ የሚጠቅሙት የሚገፉ፣ የሚጎተቱና የሚወረወሩ መጫወቻዎች ናቸውና ከፊት ከፊት ደርድሯቸው።

እጃቸው የማይታዘዝላቸው ልጆች ሲመጡ ብዙ መጫወቻ በጥቂት ሥራ ይስተካከላል። የፐዝሉ ቁራጭ ላይ ከመፈተሻ ቱቦው የሰፋ የእንጨት እጀታ በብሎን እሰሩ፣ ቀጭን መያዣ ላይ የውኃ ቧንቧ መሸፈኛ ስፖንጅ አልብሱ፣ ከሥር የማያንሸራትት ጨርቅ አንጥፉ። ማየት ለሚሳነው ልጅ ድምፅና ሻካራ ገጽ ያላቸውን ለዩ። ምን እንደሚሻል ወላጁን ጠይቁ፤ ልጁን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል።

በሩ አጠገብ ያለው ሰሌዳ ስለ ክትባት፣ ስለ መስማትና ማየት ምርመራ፣ ስለ ሕፃናት መዋያ መረጃ ይያዝ። በየ3 ወሩ ስልኮቹን ደውላችሁ አረጋግጡ፤ የማይሠራ ቁጥር ከመለጠፍ ባዶ ሰሌዳ ይሻላል።

በዓመት ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ዘግታችሁ ሁሉንም ቁጠሩ፣ የመሳብ ፍተሻውን ድገሙ። በ6 ወር ውስጥ አንድም ጊዜ ያልወጣውን ለአንድ ወር ምንጣፉ ላይ አውጡት፤ ያኔም ካልተነሳ ለሌላ ማዋሻ ወይም ለመዋዕለ ሕፃናት ስጡትና ቁጥሩን ለአዲስ መጫወቻ አታውርሱ፤ አሮጌው ቁራጭ ከየትም ብቅ ካለ ሁለቱ ይምታታሉ።