አጭር ሞላና የፋብሪካ አሞርዛተር ሲጣሉ

ጎረቤቴ ቪትዙን ከኮብልስቶኑ ለማዳን ሞላው ላይ ስፔሰር አስገብቶ ከፍ ባደረገበት ሰሞን፣ እኔ የኮሮላዬን ሞላ አስወልቄ 35 ሚሊሜትር ዝቅ የሚያደርግ አጭር ሞላ አስገጠምኩ። «አንተ ልጅ፣ የምንነዳበትን መንገድ አይተኸዋል?» አለኝ። አይቼዋለሁ። ግን ቆማ ስትታይ እንዴት እንደምታምር!

የሞላውን ውዝዋዜ የሚያረጋጋውን ዘይት ያለበትን ቱቦ፣ አሞርዛተሩን፣ አልቀየርኩም። ብር አለቀብኝ። ይሄ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ በራሱም ጥፋት አይደለም። መጠነኛ ዝቅታ ያላቸው ሞላዎች ጤነኛ ከሆነ የፋብሪካ አሞርዛተር ጋር እንዲሰሩ ታስበው የሚመረቱ አሉ። ጣጣው የሚመጣው ዝቅታው ሲበዛ፣ አሞርዛተሩ ቀድሞ የደከመ ሲሆን፣ ወይም ሲገጠም አንድ ነገር ሲዘለል ነው። እኔ ሦስቱንም ቀምሻለሁ።

ታዲያ እቃ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ለዩ። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ ነው ወይስ ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል? ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ ነው? ብቻችሁን ስትሆኑ ጠፍቶ ሰው ስትጭኑ ይመጣል? የዚህ መልስ የችግሩ ግማሽ መፍትሄ ነው።

ጉብታ ላይ «ዱም!» ካለ

የአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ስፖንጅ የመሰለች ማቆሚያ ጎሚኒ አለች። አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ሲገባ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የምትከላከለው እሷ ናት። መኪናዋ ቆማ ሳለ ከጎሚኒዋ እስከ አሞርዛተሩ አናት ክፍት ቦታ መኖር አለበት። ሞላው የሚጫወተው በዚያች ቦታ ውስጥ ነው። በኔ መኪና ፊት ለፊት 55 ሚሊሜትር ያህል ነበር። አጭሩ ሞላ 35ቱን በላው፤ 20 ቀረ። ሦስት ሰው ስጭን ደግሞ እሷም አለቀች። እንግዲህ «ሞላው ደረቀብኝ» እያልኩ ስከርም በእውነት የምነዳው ጎሚኒ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ለማረጋገጥ ብዙ ብር የማትፈጅ ዘዴ አለች። አቧራ መከላከያውን ላስቲክ ወደ ላይ ሰብስቡና በዘንጉ ዙሪያ ቀጭን ኬብል ታይ እሰሩ። በጣት ስትገፋ የምትንሸራተት፣ በራሷ ግን የማትወድቅ ትሁን። ወደ ታች ገፍታችሁ አሞርዛተሩ አናት ላይ አስቀምጧት። ከዚያ የዘወትር መንገዳችሁን ነድታችሁ ተመለሱና እዩ። የቆመችበት ቦታ አሞርዛተሩ የት ድረስ እንደገባ ይነግራችኋል። ጎሚኒዋ ሥር ተጨፍልቃ ካገኛችኋት ቦታ አልቋል ማለት ነው።

መፍትሄው? ትክክለኛው ለዝቅታ የተሰራ፣ አካሉ ያጠረ አሞርዛተር ማስገባት ነው። ርካሹ ደግሞ ዝቅታው ያነሰ ሞላ መፈለግ ነው። ጎሚኒዋን ማሳጠር የሚቻለው የሞላው አምራች ይህን ያህል ቁረጡ ብሎ መጠኑን ከሰጠ ብቻ ነው። የኔ መካኒክ «እንጣላት፣ ትገላገላለህ» ብሎኝ ነበር። እሷ ከሌለች ግን ፒስተኑ ከአሞርዛተሩ ግርጌ ካለው ቫልቭ ጋር ይላተማል፤ ከዚያ አሞርዛተሩን ራሱን ትጥላላችሁ። ደግሞ ሁኔታዋን በዓይናችሁ እዩ። የኔ የቀኝ በኩሏ ስትነካ እንደ ደረቀ ዳቦ እጄ ላይ ተፈረፈረች። አዲስ ስትገባ ብቻ የድምፁ ግማሽ ጠፋ።

ካለፈው ጉብታ በኋላም የምትዋልል ከሆነ

ሞላ ኃይል ያጠራቅማል እንጂ አያጠፋም። የሚያጠፋው አሞርዛተሩ ነው፤ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ውዝዋዜውን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። አጭር ሞላ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው ይጠነክራል፤ ስለዚህ ሲመልስ በበለጠ ጉልበት ነው። ሞላው 30 በመቶ ከጠነከረ፣ የድሮው እርጋታ እንዲቀጥል አሞርዛተሩም 14 በመቶ ያህል መጠንከር አለበት። አዲስ የፋብሪካ አሞርዛተር ይህችን ያህል ይችላታል። 120 ሺህ ኪሎሜትር የሄደ ግን ድሮም የድሮውን ሞላ በመከራ ነበር የሚይዘው። አዲሱ ሞላ ሕመሙን አጋለጠው እንጂ አላመጣውም።

ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የአካል ሽፋን) ላይ በሁለት እጅ ተጭናችሁ ልቀቁ። አንዴ ወደ ላይ ወጥታ ከተቀመጠች ይሁን። ሁለት ሦስቴ ከጨፈረች አሞርዛተሩ ሞቷል። ልብ በሉ፣ ይህን ፈተና የወደቀ በእርግጥ ሞቷል፤ ያለፈ ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ዘይትም እዩ። አናቱ ላይ ቀጭን እርጥበት አቧራ ይዞ ቢታይ ብዙም አያሳስብም። እስከ ታች ከወረደ ግን አበቃለት።

ስትቀይሩ የግራና የቀኙን አብራችሁ ቀይሩ። አዲስ ካልተቻለ አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና እቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ያገለገለ ስትመርጡ፣ መጀመሪያ አቁማችሁ አምስት ስድስቴ ሙሉውን አስገቡና አውጡት። ተኝቶ ስለሚቆይ ውስጡ አየር ይገባል፤ ሳታወጡለት ብትፈትኑት ጤነኛውን በሽተኛ ትሉታላችሁ። ከዚያ ዘንጉን በቀስታ ተጫኑ። እስከ መጨረሻው እኩል ጉልበት መጠየቅ አለበት። መሃል ላይ እንደ ባዶ ሲሪንጅ ድንገት ከለቀቀላችሁ ለሻጩ መልሱለት። «የጃፓን ነው» ሲላችሁ ፈገግ በሉ።

ጎማው ሲንጠለጠል «ቋ» ካለ

ይሄኛው ድምፅ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወይም ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ስትወርዱ ይመጣል። መኪናዋን ከአካሏ በኩል በክሪክ አንሱና ጎማውን አንጠልጥሉት፤ ማቆሚያ ድጋፍ ሳታደርጉ እጃችሁን አታስገቡ። ሞላውን ይዛችሁ ለማሽከርከር ሞክሩ። ከተንቀሳቀሰ፣ አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ሞላው ለዚያ ርዝመት አይደርስም ማለት ነው። ይላላል፣ ተመልሶ ሲቀመጥ ይጮሃል፤ ከቦታው የተዛነፈ ቀን ደግሞ ጎማውን ሊበላው ይችላል። የሚዘረጋበት ርዝመት ያጠረ አሞርዛተር ካልገባ በስተቀር በጎማ ቁራጭና በሽቦ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። የፋብሪካውን ሞላ በግራይንደር ቆርጦ ማሳጠር። ርካሽ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ለዚህም ነው የሚደረገው። ሞላ ሲቆረጥ ትንሽ መጠንከሩ እውነት ነው፤ ግን ለወረደው መጠን የሚበቃ አይደለም። መቀመጫው ላይ እንዲያርፍ የተሰራው ጫፍም አብሮ ይሄዳል። በእሳት አሙቆ ማውረድ ደግሞ የባሰ ነው፤ ብረቱ ሲሰራ ያገኘው ጥንካሬ ይበላሽና አንድ ቀን ሊሰበር ይችላል። እንዲህ የተሰራ መኪና ከገዛችሁ ምርመራ አያስፈልግም። ሞላውን ቀይሩ።

ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ «ድንንግ» ካለ

እንደ ክራር ክር የሚርገበገብ ድምፅ ነው። የሞላው ጫፍ መቀመጫው ላይ ካለችው እርከን ጋር አልገጠመም፣ ወይም የላይኛው መያዣ ኩሽኔታ ደርቋል። አንድ ሰው መሪ ሲያዞር ሞላውን በእጃችሁ ዳብሱት፤ ተጠምዝዞ ድንገት ሲዘል ይሰማችኋል። ፈትቶ ማስተካከል ነው። ግን በሞላ መጭመቂያ! የመሃሏን ዳዶ ሞላው ሳይጨመቅ የሚፈታ ሰው ካያችሁ ከአካባቢው ራቁ።

ከሳምንታት በኋላ የብራቾ ጎሚኒ ከተቀደደ

ይህን ማንም አልነገረኝም። ብራቾ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው። ብዙዎቹ የብራቾ ጎሚኒዎች ከብረቱ ጋር የተጣበቁ ናቸው፤ አይሽከረከሩም፣ ይጠመዘዛሉ እንጂ። መካኒኩ መኪናዋ ክሪክ ላይ እያለች፣ ብራቾው ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ቡሎኑን ጥብቅ አደረገው። ስትወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ቀረ፤ እንደዚያው ሆኖ ሄደ፣ በወሩ ተሰነጠቀ። ሌላም ምልክት አለው፤ ተጠምዝዞ ስለሚገፋ መኪናዋ የተባለውን ያህል ዝቅ አትልም። እኔ እንኳን «ሞላው ሐሰተኛ ነው» ብዬ ከሻጩ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ቡሎኑን አላልቶ፣ በጎማዋ ቆማ ክብደቷን እንደያዘች መልሶ ማጥበቅ ነው። ካልተቀደደ ወጪው የላብ ብቻ ነው።

ጎማ በውስጥ በኩል ከተበላ

መኪና ዝቅ ሲል ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ካምበር የሚባለው ነው። ሁሉም የሚወቅሰው እሱን ነው። ጎማ በፍጥነት የሚጨርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቶ ነው፤ ከላይ ሲታዩ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚዞሩበት ማዕዘን ማለት ነው፤ የመሪው ዘንግ ማዕዘን ስለሚቀየር ጎማዎቹ በትንሹ ወደ ጎን እየተጎተቱ ይሄዳሉ። መዳፋችሁን የጎማው ጥርስ ላይ ከውስጥ ወደ ውጪ፣ ከዚያ ከውጪ ወደ ውስጥ አንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ከሆነ ቶ ነው። በሁለቱም ልስልስ ሆኖ የውስጡ ብቻ ካለቀ ካምበሩን ጠርጥሩ። ሞላው እስኪረጋ አንድ ሳምንት ያህል ነድታችሁ አላይመንት አሰሩ፤ በተገጠመ ቀን ብቻ ካሰራችሁ መድገም ሊኖርባችሁ ነው።

ድምፅ የሌላቸው ሁለት ነገሮች

የፊት መብራት። ፊቷ ከኋላዋ በላይ ከወረደ መብራቱ መሬት መሬቱን ያያል፤ ኋላዋ ከወረደ ደግሞ የመጪውን ሰው ዓይን ይመታል። ማታ ግድግዳ ፊት አቁማችሁ አስተካክሉ።

ፍሬን። በተለይ በፒክአፕና በአንዳንድ የቆዩ መኪኖች ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ኋላዋ ሲወርድ «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ይሰጣል። መኪናዋ ዝቅ ስላለች ግን ሁልጊዜ ጭነት ያለ ይመስለዋል። ዝናብ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ፍሬን ስትይዙ ኋላዋ ተቆልፎ ከዞረባችሁ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል። ከሥሯ ገብታችሁ ያንን ዘንግ ፈልጉ፤ ካለ በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ልክ ሳታስተካክሉ ከግቢ አትውጡ።