የሌሊት ሰማይ ፎቶ ስታስተካክሉ ከአጠቃላይ ብርሃኑ አትጀምሩ

ከዋክብትን ለማጉላት ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የፎቶውን አጠቃላይ ብርሃን መጨመር ነው። ይህ ጥቁሩን ሰማይ አመድማ ያደርገዋል፤ ኮከብ ደግሞ ደምቆ የሚታየው ዙሪያው ሲጨልም ነው። በላይትሩምም ሆነ በሌላ ፕሮግራም ሰማዩን ብቻ በማስክ (የፎቶውን አንድ ክፍል ለይቶ ለማስተካከል በሚያገለግለው መሣሪያ) ለዩና ነጩን ከፍ፣ ጥቁሩን ዝቅ አድርጉ። ፎቶው በጄፔግ ሳይሆን በሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) የተነሳ ከሆነ ብዙ መሥራት ትችላላችሁ።

የከተማ መብራት ሰማዩን ብርቱካንማ ካደረገው የቀለም ሙቀቱን (ፎቶውን ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብለውን ማስተካከያ) ወደ 4000 ኬልቪን አካባቢ አውርዱት። ከዚያ ብዙ ማውረድ እኔ አልወድም፤ ሰማዩ ቀለም የተነከረ ይመስላል፣ የቀዩ ኮከብ የቤተልጉዝም ቅላት ይጠፋል።

ትልቁ ጥንቃቄ የኖይዝ (በጨለማ ፎቶ ላይ የሚታዩት የማይፈለጉ ነጠብጣቦች) መቀነሻው ላይ ነው። ከልክ በላይ ከጨመራችሁት ፕሮግራሙ ደብዛዛ ከዋክብትን ከኖይዝ ጋር አብሮ ይጠርጋቸዋል፤ የሚቀረው ሰማይ ፕላስቲክ የመሰለ ነው። ምስሉን 100 በመቶ አጉልታችሁ አንድ የደበዘዘ ኮከብ ምረጡና ዓይናችሁን ከእሱ ላይ ሳታነሱ መቀነሻውን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ኮከቡ መሟሟት ሲጀምር ትንሽ መልሱት። የቀለም ኖይዝ መቀነሻውን ግን ትንሽ ደፈር ብላችሁ ብትጨምሩት ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ምስሉን ይበልጥ ጥርት ማድረጉን (ሻርፕኒንግ) ለመጨረሻ አቆዩት።