ከማንዋል ወደ ኦቶማቲክ መኪና፦ በወሎ ዳገትና ቁልቁለት እንዴት እንደሚነዳ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮን የለውም። ቀደም ብለው ከገቡት ቪትዞችና ያሪሶችም ብዙዎቹ ኦቶማቲክ ናቸው። ስለዚህ በአሮጌ ኮሮላ፣ በሃይሉክስ ወይም በአይሱዙ ማርሽ እየቀያየረ የኖረ የደሴና የኮምቦልቻ ሹፌር ፈጠነም ዘገየም ባለ ሁለት ፔዳል መኪና ላይ መቀመጡ አይቀርም። ለጥ ባለ አገር ልምምዱ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ወሎ ላይ ግን ከቤት ወጥቶ ዋናው መንገድ እስኪደረስ ድረስ እንኳ ዳገትና ቁልቁለት ስለሚፈራረቅ ማወቅ የሚገባው ነገር ይበዛል፤ ከሁሉም በላይ ግራ እግርን ማሳረፍና ቁልቁለት ላይ መኪናውን በሞተር መያዝ።

ፊደሎቹን ሞተር ሳይነሳ ማወቅ

የማርሽ ዘንጉ አጠገብ ፒ፣ አር፣ ኤን እና ዲ የሚሉ የላቲን ፊደሎች ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ይታያሉ። ፒ የማቆሚያ ነው፤ ካምቢዮው ውስጥ ያለች ትንሽ የብረት ጥርስ ገብታ ጎማዎቹ እንዳይዞሩ ትቆልፋለች። አር የኋላ ማርሽ፣ ኤን ዜሮ ማርሽ፣ ዲ ደግሞ ወደፊት መሄጃ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው በቀላሉ ይይዘዋል። ብዙ ሰው ሳያያቸው የሚያልፋቸው ከዲ በታች ያሉት ምልክቶች ናቸው፤ እንደ መኪናው ዓይነት 3፣ 2 እና ኤል፣ ወይም ኤስ፣ ወይም በሃይብሪድ ቶዮታዎች ላይ ቢ ይባላሉ። በቆዩ ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲኮች ላይ ደግሞ ዘንጉ ጎን ኦቨርድራይቭን፣ ማለትም ከፍተኛውን ማርሽ፣ የምታጠፋ ትንሽ ቁልፍ አለች። መኪናውን የሸጠልዎት ሰው «እነዚህን አትንካቸው፣ ዲ ይበቃሃል» ቢልዎት ምክሩ ለሜዳ አገር ሰው የሚሆን ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ከነዚህ አንዱን በየቀኑ ይጠቀማል።

አንዳንድ መኪኖች ላይ ፒ የሚባለው ጭራሹኑ የለም። ለምሳሌ ኦቶማቲክ በሆኑት የሱዙኪ ዲዛየር ሞዴሎች ውስጥ ያለው ተራ የማንዋል ካምቢዮ ሲሆን፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሹን የሚቀይርለት አሽከርካሪው ሳይሆን ራሱ መሣሪያው ነው። እንዲህ ያለው መኪና ሲቆም ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ማርሽ ውስጥ ተትቶ የእጅ ፍሬን በደንብ ይሳባል።

ግራ እግር

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አደጋ የሚያመጣው ይህ እግር ስለሆነ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የማንዋል ሹፌር ግራ እግር ፍሪሲዮንን እስከ መጨረሻው፣ በኃይልና በአንድ ምት መርገጥ የለመደ ነው። ኦቶማቲክ መኪና ላይ የፍሬኑ ፔዳል ሰፋ ተደርጎ ስለሚሠራ ፍሪሲዮን ፍለጋ የሄደው እግር የሚያገኘው የፍሬኑን ጠርዝ ነው፤ ፍሬን ደግሞ በፍሪሲዮን ጉልበት ሲረገጥ መኪናው ባለበት ክርር ብሎ ይቆማል፣ ከኋላ የሚመጣው ሚኒባስም ከኋላ ይገጭዎታል።

ይህ ልማድ ብቅ የሚለው መኪናው ሲነሳ ሳይሆን ፍጥነት ሲቀንስ ነው። ፒያሳ ላይ ፊት ለፊትዎ ያለው ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ድንገት ሲቆም፣ አእምሮ ሳያዝ እግር በራሱ ይነሳል። ስለዚህ መለማመድ የሚገባው መነሳትን ሳይሆን መቆምን ነው። ጸጥ ያለና ደልዳላ ቦታ ይምረጡ፤ ኮምቦልቻ ላይ ይህ አይቸግርም፣ የደሴ ሰው ደግሞ ወደ ቦሩ ሜዳ ወጣ ማለት ይችላል። ግራ እግርዎን ከፔዳሎቹ በስተግራ ባለው ማሳረፊያ ላይ ያድርጉት፤ ማሳረፊያ ከሌለ ተረከዙን ወደ ወንበሩ ሥር ሰብስበው ይያዙት። ከዚያ በሰዓት 20 እና 30 ኪሎ ሜትር እየነዱ በቀኝ እግር ብቻ ቀስ ብለው ይቁሙ፣ እንደገና ይነሱ፣ እንደገና ይቁሙ። በመጨረሻም አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ሳያስጠነቅቅ «ቁም!» እንዲልዎት ያድርጉና ግራ እግርዎ እንደተኛ መቅረቱን ይመልከቱ። እግሩ ከተንቀሳቀሰ ገና ነዎት ማለት ነው። ዕድሜውን በከባድ መኪና ላይ የጨረሰ አንድ የኮምቦልቻ ሹፌር አዲስ ቪትዝ የገዛውን ጎረቤቱን ሲያለማምድ «አብሽር ወንድሜ፣ እሱ እግርህ ጡረታ ወጥቷል፤ አታስቸግረው» ይለው ነበር።

ቀኙን ለነዳጅ፣ ግራውን ለፍሬን ማካፈል ይቀላል የሚሉ አሉ። አይመከርም። ፍሬን ላይ ያረፈ እግር ሳይታወቅ የፍሬኑን ሸራ ያግላል፣ በድንጋጤ ጊዜም ሁለቱ እግሮች ሁለቱን ፔዳሎች በአንድ ላይ ይጫናሉ።

መነሳት

ቀኝ እግርዎን ፍሬን ላይ አድርገው፣ ዘንጉ ፒ ላይ እንዳለ ሞተሩን ያስነሱ። ሞተሩ የሚነሳው ፒ ወይም ኤን ላይ ብቻ ነው፤ ፍሬን ካልተረገጠም በአብዛኞቹ መኪኖች ዘንጉ ከፒ አይወጣም። የደሴ ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞተሩ መጀመሪያ ከፍ ባለ ዙር ይጮኻል፤ ጩኸቱ እስኪረግብ ጥቂት ይታገሡ። ከዚያ ፍሬኑን እንደረገጡ ወደ ዲ ያስገቡ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ ቀጥሎም ቀኝ እግርዎን ከፍሬኑ ላይ በዝግታ ያንሱ። ነዳጅ ሳይሰጡት መኪናው ራሱ መሄድ ይጀምራል። ሞተሩና ካምቢዮው የተያያዙት ቶርክ ኮንቨርተር በሚባለው ክፍል ውስጥ ባለ ዘይት አማካይነት ስለሆነ ሞተሩ ሳይጠፋ ትንሽ ኃይል ዘወትር ወደ ጎማ ያልፋል። ይህ ዝግ ያለ ጉዞ ሰኞ ዕለት በባቲ ገበያ በግመልና በአህያ መካከል ለማለፍ እጅግ ይመቻል፤ ግማሽ ፍሪሲዮን እየያዙ ማቃጠል ቀረ፣ ፍሬኑን ላላና ጠበቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ግን ይህ ባሕርይ እንደየሞዴሉ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል።

ከዲ ወደ አር ወይም ከአር ወደ ዲ መቀየር የሚቻለው መኪናው ፈጽሞ ሲቆም ነው። በጠባብ መንገድ ለመዞር የቸኮለ ሰው መኪናው ገና እየሄደ ዘንጉን ሲመታው የሚሰማው ጓ የሚል ድምፅ ካምቢዮውን የሚጎዳ ነው።

ዳገት

ዳገት ላይ ቆመው ሲጠብቁ መኪናውን በነዳጅ አይያዙት። የማንዋል ሹፌር በግማሽ ፍሪሲዮን መያዝ ስለለመደ እዚህም በነዳጅ ማንሳፈፍ ይቃጣዋል፤ በዚህ ጊዜ ግን የካምቢዮው ዘይት ይግላል። ፍሬን ይርገጡ ወይም የእጅ ፍሬን ይሳቡ። ለመነሳት ዳገቱ ቀጥ ያለ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ እንደተሳበ ነዳጅ ይስጡ፣ መኪናው ወደፊት ሲሳብ ሲሰማዎት የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ኃይሉን ያጣል። አንድ ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ አራት ሰው ጭና ሐረጎን ስትወጣ ዲ ላይ ብቻ ከተተወች ማርሽ እየጨመረችና እየቀነሰች ትደክማለች። ኦቨርድራይቩን ማጥፋት ወይም ወደ 3 ማውረድ ይህን ያስቀራል። ለመቅደም ድንገተኛ ኃይል ሲያስፈልግ ነዳጅ መስጫውን በጥልቀት ይጫኑት፤ ካምቢዮው አንድ ወይም ሁለት ማርሽ ራሱ ይቀንሳል። ነገር ግን ቅጽበት ያህል ስለሚዘገይ የመቅደሙን ርቀት ከለመዱት ረዘም አድርገው ያስሉ።

ቁልቁለት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በዚህ ርቀት ውስጥ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ማንዋል ነጂው እዚህ መንገድ ላይ የሚመራበት ሕግ የታወቀ ነው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ኦቶማቲክ መኪናም ይህንኑ ሕግ ይፈልጋል፤ ልዩነቱ መኪናው ሕጉን የማያውቅ መሆኑ ነው። ዲ ላይ እያለ እግርዎን ከነዳጅ ሲያነሱ ካምቢዮው ነዳጅ ለመቆጠብ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ይሄዳል፣ ሞተሩ መያዙን ይተዋል፣ መኪናውም ይለቀቅና ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይዘጋጁ። በመጀመሪያ ኦቨርድራይቩን ያጥፉ ወይም ወደ 3 ያውርዱ፤ ኩርባዎቹ ሲጠብቡ ፍጥነትዎን በፍሬን ቀንሰው ወደ 2 ይግቡ። ሲቪቲ በሆኑት፣ ማለትም ካምቢዯቸው ማርሽ በማርሽ ሳይሆን ያለማቋረጥ በሚለዋወጥ መኪኖች ኤስ ወይም ቢ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ኤል ለዝግተኛና ቀጥ ላለ ቁልቁለት ብቻ ነው። ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጮህ የማንዋል ጆሮ ያለው ሰው አይደነግጥም፤ መኪናው መያዙን የሚናገረው ያ ድምፅ ነው። ፍሬኑን አስረግጦ ፍጥነትን መቀነስና መልቀቅ፣ ሸራው እንዲቀዘቅዝ ጊዜ መስጠት ይገባል፤ እግር ፍሬን ላይ ተጭኖ እስከ ታች መውረድ የሚያበቃው በተቃጠለ ሸራ ሽታ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል ዘንጉን ወደ ኤን መግፋት ደግሞ ፈጽሞ የማይደረግ ነው፤ ሞተሩ ከጎማው ይለያያልና የሚይዝዎት ፍሬን ብቻ ይሆናል። በክረምት ጉም ሐረጎን ሲሸፍነው የፊተኛው መኪና መብራት በቅርብ ካልሆነ አይታይም፤ ያን ጊዜ ዝቅተኛ ማርሽ ከሁሉም መብራት ይበልጣል።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት አንድ የተለየ ጥንቃቄ አለበት። ቁልቁለት ላይ እግር ከመርገጫው ሲነሳ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን እየሞላ መኪናውን ይይዛል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን ኃይሉን የሚያኖርበት ስለማይኖር ይህ አያያዝ ይዳከማል። ደሴ ላይ ሌሊቱን 100 በመቶ ሞልቶ ጠዋት በቀጥታ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ከወትሮው የተለየ የለቀቀ መኪና ያጋጥመዋል፤ 80 በመቶ ላይ ማቆም ይህን ይፈታል፣ የተረፈውን መንገዱ ራሱ ይሞላዋል።

ማቆምና ከቆመ በኋላ

ዳገት ላይ ሲያቆሙ በቀጥታ ፒ ካስገቡ የመኪናው ክብደት በሙሉ በዚያች ትንሽ ጥርስ ላይ ያርፋል፤ በማግስቱ ዘንጉ አልወጣ ይላል፣ ሲወጣም ጓ ይላል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ፍሬን ረግጦ ወደ ኤን፣ የእጅ ፍሬን መሳብ፣ እግርን ከፍሬን አንስቶ ክብደቱ በእጅ ፍሬኑ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ከዚያ እንደገና ፍሬን ረግጦ ፒ ማስገባት። ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ ማዞርና ድንጋይ ታኮ ማድረግ የደሴ ሰው ሊነገረው አያስፈልግም።

ባትሪው ከሞተ ኦቶማቲክ መኪና ተገፍቶ አይነሳም። ቁልቁለት ላይ አንከባሎ ማስነሳትን የለመደ ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር ማገናኛ ወፍራም ሽቦ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይያዝ። መንገድ ላይ ከተበላሸም የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ በገመድ አይጎተትም፤ የካምቢዮውን ዘይት የሚያዘዋውረው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲነሳ ስለሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ሲጎተት ካምቢዮው በደረቁ ይፈጫል። ጫኝ መኪና ያስፈልጋል። ጋራዥ ሲሄዱም የሚቀየረው ዘይት ለካምቢዮው ዓይነት የታዘዘው መሆኑን ከጣሳው ላይ አንብበው ያረጋግጡ፤ የሲቪቲ ዘይትና የተራው ኦቶማቲክ ዘይት አይተካኩም።