ባንክ ከሳችሁ «መዝገቡ ተዘጋ» ሲሏችሁ

አገር ቤት ያለ ዘመድ ደውሎ «መዝገቡ ተዘጋ እኮ» ካላችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ሰውዬው ይዋሻል ማለቴ አይደለም፤ «ተዘጋ» የሚባለው ነገር ብዙ ዓይነት ስለሆነ ነው። እኔ በአንድ ባንክ ላይ የመሠረትኩት ክስ ሲዘጋ ወንድሜ «በቃ አለቀ» አለኝና ሦስት ሳምንት ሙሉ ስበሳጭ ከረምኩ። በኋላ ትእዛዙን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ሲልክልኝ መጨረሻው ላይ «በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 73 መሠረት» ይላል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 73 ማለት ነው። ለካ ጠበቃችን ታሞ ቀጠሮው ላይ አልቀረበም!

መጀመሪያ የምታዩት ይቺን ቁጥር ነው። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሹ ባንክ ከቀረበና ክሱን ካላመነ ክሱ በ73 ይሰረዛል፣ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ መክፈትም አይቻልም። ግን ቁጥር 74 አንድ ወር ይሰጣችኋል፤ የቀራችሁበትን በቂ ምክንያት ከነማስረጃው አቅርባችሁ ትእዛዙ ይነሣልኝ ማለት ትችላላችሁ። ሦስት ሳምንት ላቃጠልኩት ለኔ ስንት ቀን እንደቀረኝ አስሉት። እናንተም ባንኩም ካልቀረባችሁ ግን ነገሩ ቀለል ይላል፤ ይርጋ (ሕጉ ለመክሰስ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ) ካላለፈ እንደገና መክሰስ ይቻላል።

ባንኩ መቃወሚያ አቅርቦ ከተዘጋ ደግሞ ብይኑን አንብቡ። «ሥልጣን የለኝም» ከሆነ ሥልጣን ወዳለው ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ። «በይርጋ ታግዷል» ከሆነ ያላችሁ ይግባኝ ነው፣ እሱም በ60 ቀን ውስጥ። በመደበኛው ከውል የመጣ ጥያቄ የ10 ዓመት ይርጋ አለው፣ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ግን 2 ዓመት ብቻ። ውጭ ያለ ሰው «ክረምት ስገባ አየዋለሁ» እያለ የሚበላው ይሄ ሁለት ዓመት ነው።

በብድር የተያዘ ቤት ተሸጦባችሁ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በውሉ ከተስማማችሁ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ስለዚህ «ፍርድ ቤት ሳይወስን ሸጠብኝ» ብቻ የሚል ክስ አያስኬድም። ሥርዓቱን ጥሶ ከሸጠ ግን ለጉዳቱ ኃላፊ ነው፤ ማስጠንቀቂያው በየትኛው አድራሻ፣ ለማን ደረሰ የሚለው ላይ ነው መሟገት ያለባችሁ።

ብዙ ጊዜ ግን ጉዱ የሚመጣው ከውክልናው ነው። «ሙሉ ውክልና ሰጥቻለሁ» ትላላችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ግን ቤት ማከራየትና ገንዘብ መቀበል እንጂ ክስ የሚል ቃል የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መክሰስ፣ ተከስሶ መከራከርና መታረቅ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስትሄዱ «በስሜ ክስ እንዲመሠርት፣ እንዲከራከር፣ ይግባኝ እንዲል፣ ጠበቃ እንዲወክል» የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ከዚያ አገር ቤት ደርሶ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ማለፉን ራሳችሁ ጠይቁ፣ ወኪላችሁ «አለቀ» ቢላችሁም ማህተሙን በፎቶ እዩ።

የኔ ነገር? የጠበቃውን የሐኪም ማስረጃ አያይዘን አመለከትን፣ መዝገቡ ተንቀሳቀሰ። ቀጣዩ ቀጠሮ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ እኔ ጋ ሌሊት 8 ሰዓት ማለት ነው። ስልኬን ሳላጠፋ ነው የምተኛው።