ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቡና እንዴት ይጀመራል? ከበረካ ተነሡ

ከኦፕራሲዮን ወጥቼ አፌን እንዳረጠብኩ ሐኪሙን የጠየቅሁት ስለ ምግብ አልነበረም። "ቡና መቼ ነው የምጠጣው?" ነው ያልኩት። ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ውርጭ ያደረበትን ግቢ አቋርጣችሁ ስትገቡ ምድጃው ላይ ጀበና ከሌለ ቤቱ ቤት አይመስልም። ጎረቤት የሚጠራራው በቡና ነው። የታመመ የሚጠየቀው፣ የተኳረፈ የሚታረቀው ቡና ላይ ነው። "ለጊዜው ቡና ተዪ" ስትባሉ የሚቀርባችሁ ብዙ ነገር ነው።

ደስ የሚለው፣ አብዛኛው ሰው ቡናን ለዘላለም አይከለከልም። ግን አጀማመሩ እንደ ድሮው ከአቦል አይደለም። ወደ ኋላ ነው የሚኬደው። እኔ የተሠራሁት ባይፓስ የሚባለውን፣ ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ከአንጀት ጋር የሚቀጠልበትን ነው። ስሊቭ፣ ማለትም ጨጓራው ተቆርጦ የሚጠብበትን፣ ለተሠራችሁም አብዛኛው ይሆናችኋል፤ ልዩነት ያለበት ቦታ ስደርስ እነግራችኋለሁ። የራሳችሁ ሐኪም ሌላ ካላችሁ የሱን ስሙ።

መጀመሪያ፦ ኦፕራሲዮኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መቀነስ ጀምሩ

በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም ራስ ምታቱ አይጣል ነው። ካፌይን፣ ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ነገር፣ ከተቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ሁለተኛው ቀን ላይ ይበረታል። አንዳንዱ ላይ እስከ 9 ቀን ይቆያል። ይህ ከኦፕራሲዮኑ ሕመም ጋር ሲደራረብ ምኑ ከምን እንደመጣ አይለይም። ስለዚህ ቀድማችሁ ጨርሱት።

የማታውን ቡና መጀመሪያ ተዉ። አራት ቀን ቆይታችሁ የከሰዓቱን። ከዚያ የጠዋቱን ከአቦል ወደ ቶና አውርዱት፣ በመጨረሻም እሱንም ተዉት። በሻይ ላካክሰው እንዳትሉ፣ ሻይም ካፌይን አለው። ስፕሪስ ደግሞ የሁለቱ ድብልቅ ነው።

ራሳችሁን ሲያማችሁ ፓራሲታሞል መውሰድ ትችሉ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚባሉት ማስታገሻዎች ግን ጨጓራን ያቆስላሉ። ባይፓስ ለተሠራ ሰው ከኦፕራሲዮኑ በኋላም አደገኛ ናቸው። ፋርማሲ ስትገቡ "ጨጓራዬ ኦፕራሲዮን ሆኗል" ማለትን ልማድ አድርጉት።

ቀጥሎ፦ የተሰጣችሁን ቀን ጠብቁ

እዚህ ላይ ሐኪሞች አንድ ቁጥር የላቸውም። አንዱ 2 ሳምንት ይላል፣ ሌላው 1 ወር፣ እስከ 3 ወር የሚያስጠብቅም አለ። እኔ 6 ሳምንት ነው የተባልኩት።

ምክንያቱን ስታውቁት መጠበቁ ይቀላል። ስሊቭ ላይ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚሆነው ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው፤ በአንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተሰፍቷል። ባይፓስ ላይ ደግሞ ከጨጓራው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትቀጠላለች። ስፌቱ እስኪድን ጊዜ ይፈልጋል። ቡና ደግሞ የጨጓራ አሲድ ያነሣሣል። ስሊቭ የተሠራ ሰው ይህንን ብዙ ጊዜ በቃር ያውቀዋል። ባይፓስ የተሠራ ሰው መገጣጠሚያው አካባቢ ቁስል ካለው ያንገበግበዋል። ቁስሉን በዋናነት የሚያመጡት ሲጋራና ቅድም ያልኳቸው ማስታገሻዎች ናቸው። ግን ቁስል ላይ ቡና ማፍሰስ ምን ጥቅም አለው?

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ነው፤ እኔ ይበልጥ የምፈራው ይሄኛውን ነው። በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ፈሳሽ መግባት አለበት። አዲሱ ጨጓራ ደግሞ ፉት፣ ፉት ካልሆነ አይቀበልም። ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ይዞ መዋል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ በብርዱ ጥም አይታወቃችሁም፤ ሳታስቡት መሽቶ ግማሽ ሊትር ብቻ ጠጥታችሁ ትገኛላችሁ። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ በላብ ይወጣባችኋል። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ቡና ሲገባ ውሃው ይቀራል።

እስከዚያው ከረከቦቱ አትራቁ

እኔ የመጀመሪያውን ሳምንት መኝታ ቤት ተዘግቼ አሳለፍኩት፤ ሽታው እንዳያምረኝ ብዬ። ባሰብኝ። በሁለተኛው ሳምንት እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ለብ ያለ ውሃ በሲኒ ትቀዳልኝ ጀመር። ሰው ሁሉ ሲኒውን ሲያነሣ እኔም አነሣለሁ። መቁላቱም የኔ ሆነ። የውሃዬን መጠን ያሟላልኝም ይኸው ነው፤ በአንድ ቡና ላይ ሦስት ሲኒ ውሃ ይገባል።

ጎረቤት "እስቲ ትንሽ ብቻ ቅመሺ" ማለቱ አይቀርም። በክፋት አይደለም፣ በፍቅር ነው። ቁጥር ንገሯቸው። "አልጠጣም" ካላችሁ ልመናው ይቀጥላል። "እትዬ፣ ሐኪሙ 6 ሳምንት ከልክሎኛል፣ ሦስት ቀርቶኛል" ስትሉ ግን "በይ እግዜር ይማርሽ" ብለው ይተዉታል። ስለ ክብደት ማውራት የማትፈልጉ ከሆነ "ጨጓራዬን ታክሜ ነው" በሉ። እውነት ነው። ጨጓራ የማያውቅ ቤትም የለም።

ቀኑ ሲደርስ፦ በረካውን ጠብቁ

ዋናው ነገር ይህ ነው። ከቡናው ካፌይን አብዛኛው በመጀመሪያው ማፍላት ይወጣል። አቦሉ ወፍራምና ኃይለኛ የሆነው ለዚህ ነው። ውሃ ተጨምሮ ቶናው ይፈላል፣ ከዚያ በረካው። በረካ ላይ ስንደርስ የቡናው ጠረን አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ጉልበቱ ግን ረግቧል። አዲስ ጨጓራ የሚፈልገው ይህንን ነው። ካፌይን የወጣለት ቡና በየሱቁ በማይገኝበት አገር፣ አያቶቻችን ያቆዩን ሦስተኛው ጀበና ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቡና የምታፈላው ሰው ቀድማ ትወቅ፤ "ለእኔ በረካውን" በሏት። አቦሉና ቶናው ሲቀዳ ሲኒያችሁ ውስጥ ውሃ ይሁን። በረካው ሲፈላ ጀበናው ዘንበል ብሎ በደንብ ይስከን። አተላ ያለበት ቡና ለተሰፋ ጨጓራ አይስማማም። ከዚያ ግማሽ ሲኒ ብቻ።

ግማሽ ስል በግምት አይደለም። እኔ ከሽሮፕ ጋር በምትመጣው መለኪያ የእናቴን ሲኒ ለክቼዋለሁ። አፉ ድረስ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ከፍ ያለ ሲኒ ያለው ቤት 100 ሊደርስ ይችላል። እናንተም ለኩ። ለመጀመሪያው ቀን 35 ይበቃል፤ የባይፓሷ ከረጢት ስትሠራ የምትይዘው ልክ ያህል ነው።

ከዚያ ይብረድ። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ያቃጥላል። ሲኒውን በመዳፋችሁ ስትይዙት ሳያቃጥላችሁ እጃችሁን ካሞቀ ደርሷል። 15 ወይም 20 ደቂቃ ወስዳችሁ ፉት በሉት።

በማግሥቱ አትጠጡ። ቃር፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠን እንዳለ ተመልከቱ። ከሌለ በሦስተኛው ቀን ድገሙት። አንድ ሳምንት በሰላም ካለፈ አንድ ሙሉ ሲኒ በረካ፤ ሁለት ሳምንት በዚያ ቆዩ። ከዚያ ግማሽ ሲኒ ቶና። አቦል የመጨረሻው ነው፣ አትቸኩሉበት።

በባዶ ሆድ ግን በፍጹም። ቁርስ በልታችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይታችሁ ጠጡ። ከምግብ ጋር መጠጣት አይፈቀድም፤ ምግቡን ገፍቶ ያሳልፈዋል ወይም ያስመልሳችኋል።

ስኳሩ

በአምስተኛው ሳምንት ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ቀኔ ገና ነበር። ሐዘንተኛዋ ራሷ ስታቀርብልኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። አቦል ነው፣ ስኳሩ ሦስት ማንኪያ ገብቶበት ነው የመጣው። ጠጣሁት። ቶናውንም ደገሙኝ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ላብ አጠመቀኝ። ልቤ ደረቴን እየመታ እስክሰማው ድረስ ይመታል። ሆዴን ቆረጠኝ፣ አጥወለወለኝ። ሰዎቹ በሐዘኑ የደከምኩ መስሏቸው ውሃ ይረጩኛል። ደጅ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ጋደም አልኩ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው የለቀቀኝ።

ይህ ዳምፒንግ ይባላል። ስኳሩ ጨጓራ ውስጥ ሳይቆይ በቀጥታ አንጀት ላይ ሲወርድ የሚመጣ ነው። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይነሣል። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣም አለ፤ ያ የደም ስኳር በጣም ሲወርድ ነው፣ ያንቀጠቅጣል። ባይፓስ የተሠራ ሰው ላይ ይብሳል፣ ስሊቭንም ግን አይምርም።

ስለዚህ ቡናውን መራራ ልመዱት። ለእንግድነት ስትሄዱ ገና ሳይቀዳ "ለእኔ ያለ ስኳር" በሉ፤ ከተበጠበጠ በኋላ መመለስ ነውር ይሆናል። በጨው የምትጠጡ ደም ብዛት ካለባችሁ ተዉት። ቅቤውም ይቅር። ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ካማራችሁ ቅባቱ በወጣለት ወተት ካላቸው ጠይቁ፣ ስኳር አይግባበት፣ እሱም ከተወሰኑ ወራት በኋላ።

አይረኑንና ቡናውን አታገናኙ

ይህንን ብዙ ሰው አይነገረውም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቫይታሚንና ማዕድን ዕድሜ ልክ ነው፦ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ አይረን (የብረት ማዕድን)። አይረን በብዛት ወደ ሰውነት የሚገባው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። ባይፓስ ያንን ቦታ ያልፈዋል። ስለዚህ የሚገባው ድሮም ትንሽ ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ነገሮች ደግሞ ያችኑ ይዘው ያስቀሯታል። ክኒኑን በቡና ማወራረድ ገንዘብ መጣል ነው።

በሁለቱ መካከል ሁለት ሰዓት ይኑር። ካልሲየምም ከአይረን ሁለት ሰዓት ይራቅ። ሲበዛባችሁ እንዳትደናገሩ የኔን ላሳያችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ቁርስ። ቡና 3 ሰዓት። ካልሲየም ከምሳ በኋላ። አይረን ማታ 3 ሰዓት፣ ልተኛ ስል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና የለም፤ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

የቡና ቁርስና ጾም

ቆሎና ፈንዲሻ ለብዙ ወራት ይቆዩ። አይላሙም፣ ስፌቱ ያለበት ጠባብ ቦታ ላይ ይይዛሉ። ትኩስ ዳቦና አምባሻ አፍ ውስጥ ልስልስ ይላሉ፣ ሆድ ውስጥ ግን እንደ ሊጥ ይጣበቃሉ። ቡና ከመፍላቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ አይብ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ብሉ። በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋችኋል፤ በፍስክ ቀን ከዚህ ይጀምራል።

በጾም ቀን በደንብ የላመ ምስር ወይም ሽሮ ይሁን። የሚያሳስበኝ እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ መዋሉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ ለኩላሊትም አደጋ አለው። ለንስሐ አባታችሁ በግልጽ ንገሩ። የኔ አባት ገና ሳልጨርስ "ልጄ፣ በሽተኛ መድኃኒቱን ይወስዳል" አሉኝ፤ ውሃዬንም መድኃኒቴ ነው አሉት። የምትጾሙ ከሆነም ጾሙን በቡና አትፍቱ። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ምግብ፣ ቡና ከግማሽ ሰዓት በኋላ።

መቼ ማቆም ይገባል

ቃሩ በየቀኑ ከሆነ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ውረዱ፤ ከቶና ወደ በረካ፣ ከበረካ ወደ ውሃ። ለሐኪሙም ንገሩ፣ የአሲድ መድኃኒት ሊጨምርላችሁ ይችላል። ከደረታችሁ ሥር የሚወጋ ሕመም፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ያለበት ትውከት፣ ወይም ውሃ እንኳ አልረጋ ማለት ከመጣ ግን ቤት ውስጥ አትቆዩ፣ በቀጥታ ሆስፒታል። የሠራችሁ ሐኪም አዲስ አበባ ከሆነ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ግቡና ከዚያ ሆናችሁ ደውሉለት። የኦፕራሲዮናችሁ ዓይነት የተጻፈበትን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ።

አሁን ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ጠዋት አንድ ሲኒ ቶና፣ እሑድ እንግዳ ካለ አንድ በረካ ይደረባል። አቦል ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩት በዘጠነኛው ወር ነው፣ ግማሽ ሲኒ። እናቴ እስክጨርሰው ድረስ ጀበናውን ይዛ ፊቴን እያየች ነበር።